ሐይቁ ውስጥ የገቡት አዳፕተሮች

ይህን ንዴቴ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ከዓመት በላይ ቆየሁ። አልበረደም። ስለዚህ እንደተናደድኩ ልጽፈው ነው፤ ቀስ ብዬ፣ ደንበኛ በሚያንስበት ሰዓት፣ በቀን አንድ ገጽ ያህል። ለማን ነው የምትጽፊው ብትሉኝ፣ ባሏ ሞቶባት እያለ ሰው ሁሉ «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ» እያላት በጓሮ በር ዕቃዋ የሚወጣባት ሴት ካለች ለእሷ ነው። ሌላውም ያንብበው።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ስሜ አሚናት ነው፤ ሐይቅ ከተማ አሚና ይሉኛል። ስድስት ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ስምና ቁጥር ስጽፍ ኖሬ፣ ባሌ ሰዒድ ጉበቱን ሲታመም እሱን ላስታምም ሥራዬን ለቀቅሁ። ልጅ አላህ አልሰጠንም። የነበረን አንድ ክፍል ጌም ቤት ነው፤ በአስፋልቱ ዳር፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት። ቤቱ የሐጂ ሙሄ ነው፣ እኛ ተከራዮች ነን። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሰዒድ ታላቅ ወንድም የይማም የእህል መደብር አለ።

ጌም ቤት ሲባል አዲስ ነገር እንዳታስቡ። ስምንቱም ማሽኖች አሮጌ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ሰው የጣላቸውን ሰዒድ ከደሴ አንድ በአንድ እየሰበሰበ ያመጣቸው። ማሽኖቹ ራሳቸው አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው አዳፕተራቸው ነው። አሮጌ ማሽን ኃይል የሚያገኘው ጡብ ከሚያህል ጥቁር አዳፕተር ነው፤ ውስጡ ብረት ስለሆነ ይከብዳል፣ ሲሠራ ይሞቃል፣ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ ሰውነቱ የጎረቤቱን ቀዳዳ ይሸፍናል፤ አምስት ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ሁለት አዳፕተር ብቻ ይዞ ይሞላል። ቮልታቸውም አንድ አይደለም። የአንዱን ሌላው ማሽን ላይ ከሰካችሁት ማሽኑ ይቃጠላል።

በትዳራችን መጀመሪያ እነዚህን ጡቦች እጠላቸው ነበር። አልጋዬ ላይ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ መጅሊሱ ሥር አገኛቸዋለሁ። በኋላ ሰዒድ ግድግዳው ላይ ሰፊ ጣውላ መታና ሁሉንም አንዱ ከሌላው አራርቆ፣ አየር እንዲያገኛቸው አድርጎ ሰቀላቸው። እኔም በነጭ የጥፍር ቀለም ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከ1 እስከ 8፤ በአዳፕተሩ ጀርባ፣ በገመዱ ጫፍና በማሽኑ ላይ። የካርድ ክፍል ሰው ስለሆንኩ ቁጥሬ ቆንጆ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽን ተቃጥሎብን አያውቅም።

አንድ ሌላ ነገር ካልነገርኳችሁ የሚከተለው አይገባችሁም። አዳፕተር ሲሞት ሰዒድ ገመዱን ከአንገቱ ላይ ይቆርጠው ነበር፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይሰካው። ገመዱን ለጥገና ያስቀረዋል። የቀረውን ጡብ ለጋሽ ታደሰ ይሰጣል። ጋሽ ታደሰ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያሰግሩ ሽማግሌ ናቸው። ለመረባቸው ማስጠሚያ የሚያስሩት ድንጋይ ከቋጠሮ ውስጥ እየሾለከ ያስቸግራቸዋል፤ አዳፕተር ግን የገመዱ ጉቶ ስላለው በደንብ ይታሰራል፣ መረቡንም ወደ ታች ይዞ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ንግግር አያስፈልግም ነበር። ጋሽ ታደሰ በደጅ ሲያልፉ ሰዒድ በሩ ላይ የሚያስቀምጠውን የአዳፕተር ሳጥን ያያሉ። ገመዱ የተቆረጠውን ያነሳሉ፣ ገመድ ያለውን አይነኩም። የተቆረጠ ማለት የሞተ ማለት ነው። ይህን ከሰዒድና ከጋሽ ታደሰ ሌላ የምናውቅ እኔና ይማም ብቻ ነበርን።

ሰዒድ ሞተ፤ አላህ ይርሐመው። የሰደቃው ዕለት ክፍሉ ለለቀስተኛ ተፈለገና ዕቃው ተነሳ። ያነሳው ይማም ነው። «አንች አትልፊ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። እኔ ያን ቀን እጄና እግሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ አመሰገንኩት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። አመስግኜዋለሁ።

ዒዳዬን ያዝኩ። ለማታውቁት፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሳትኳኳል፣ ሳታገባ፣ በቤቷ ትቆያለች። ሁለት ወር እንዳለፈኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ሙሄ በሬ ላይ ቆመው አስጠሩኝ። ይማም ከኋላቸው ነበር።

«አሚና፣ አላህ ያጥናሽ» አሉ። «እንደት ሰነበትሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሐጂ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፤ ለአንድ ነገር ነው። ክፍሉ ተዘግቶ ሁለት ወር ሆነ። ከሰዒድ ጋር ቃል ነበረን፤ ሥራ እስከሠራችሁበት ድረስ ለሌላ አልሰጠውም ብዬዋለሁ። ይማም ግን ሰዒድ ትቶ የሄደው የተቃጠለ ዕቃ ነው፣ አንድም የሚሠራ የለም ይላል። ግድግዳውን አፍርሼ ከእህል ቤቴ ጋር ልቀላቅለው እያለኝ ነው።»

ይማምን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«የተቃጠለ?» አልኩ። «ሰዒድ ሆስፒታል እስከገባበት ቀን ድረስ ስምንቱም ይሠሩ ነበር እኮ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ይማም። «ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

ሐጂ በትራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እንግዲህ ክርክር አያስፈልግም። ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ማሽኑ ሲሠራ ካየሁ ክፍሉ ያንች ነው። ካልሠራ ለይማም ሰጥቸዋለሁ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ፤ ባዶ ቤት ይዤ መቀመጥ አልችልም።»

ክፍሉ ከሄደ እንጀራዬም ይሄዳል፤ ከዚያ እኔ የምሄደው የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይማም ግቢ ውስጥ፣ ከበጎቹ ጎን ያለው ቤት በሰደቃው ዕለት ተጠርጎልኛል። የእሱን እንጀራ እየበላሁ፣ የሚስቱን እህል እያበጠርኩ፣ ሲፈቅድልኝ እየወጣሁ፣ ካልፈቀደልኝ እየቀረሁ። እንግዲህ የማክሰኞውና የሐሙሱ ጉዳይ ይህ ነበር።

እንደሄዱ፣ ይማም ቤቴ አምጥቶ ያስቀመጠውን፣ ማሽኖቹ የታሰሩበትን ማዳበሪያ ፈታሁ። ስምንቱም አሉ። መጫወቻ እጀታዎቹም አሉ። አዳፕተር የለም። ቁልፍ ይዤ ክፍሉን ከፈትኩ። ጣውላው ግድግዳው ላይ አለ፤ ሚስማሮቹ ባዶ ናቸው። አንድም አዳፕተር የለም።

ይማም መደብር በር ላይ ቆምኩ። ሚዛን ላይ ማሽላ እየሰፈረ ነበር።

«አያ ይማም፣ አዳፕተሮቹ የት ናቸው?»

«የቱ?»

«ጥቁሮቹ። ጣውላው ላይ የነበሩት። አንቱ ነዎት ያነሷቸው።»

«የዚያን ቀን ስንት ሰው ነበር! አንዱ ወስዶት ይሆናል። ቆራሌው ቢሆንስ?» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ደሞ አንች ዒዳ ላይ ሁነሽ አስፋልት ዳር ምን ትሠሪያለሽ? ሰው ምን ይላል? ግቢ!»

«በቀን ለጉዳይ መውጣት ይፈቀድልኛል። ማታ ቤቴ እገባለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ አያ ይማም።»

እህል ሊገዙ የቆሙት ሴቶች ወደኛ ዞሩ። አንዷ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ይማም ሚዛኑን አስቀመጠው። «መጻፍና ማንበብ ነው ወንድሜን የገደለው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከደጃችን ቲማቲምና ቃሪያ የምትሸጠው መዲና ናት እጄን ይዛ ወደ ጥላዋ የጎተተችኝ። መዲና ሁሉን የምታይ፣ ሁሉን የምትናገር ሴት ናት።

«ሆድየ፣ አፈር ስሆን እንዳታለቅሽ» አለችኝ። «ጡቦቹን ነው የምትፈልጊ?»

«አይተሻቸዋል?»

«ይማም የሰደቃው ዕለት ጆንያ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ አይቸዋለሁ። ሰው ለሰደቃ ሥጋ ሲያስገባ እሱ ያስወጣል! ምንድን ነው ይህ ብየ ብጠይቀው፣ ‹ለጋሽ ታደሰ ነው፣ ሰዒድ የተናዘዘው› አለኝ። እኔም ማሻ አላህ፣ ኑዛዜ የሚያከብር ወንድም ብየ መረቅሁት። ምርቃቴን መልሽልኝ አሁን!»

ባጃጅ ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ከቤት ስላልወጣሁ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ውሃው ፀጥ ብሎ ነበር፤ ወዲያ ማዶ የገዳሙ ዛፎች ይታያሉ። ጋሽ ታደሰ ታንኳቸውን ግማሹን ዳር ላይ ጎትተው መረብ እየሰበሰቡ ነበር። ሲያዩኝ መረቡን እንደያዙ ቆሙ።

«አሚና ነሽ? ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እንደው ለቅሶ ከደረስኩ ወዲህ ተመልሼ ሳልጠይቅሽ…»

«ጋሽ ታደሰ፣ ይማም አዳፕተር ሰጥቶዎታል?»

«አዎ፣ እግዜር ይስጠው። ስምንት ነው ያመጣልኝ። ወንድሜ ለርስዎ ይሁን ብሎ ነው የሞተው ሲለኝ አለቀስኩ። ባሌ ሐይቅ ላይ የሚውል ሽማግሌ አይረሳም ብለሽ ኩሪ።»

መናገር አቃተኝ። እሳቸው ደስ ያሰኙኝ መስሏቸው መረቡን መጎተት ቀጠሉ። «ጥሩ ከባድ ናቸው። ተመልከች።» ከውሃው ውስጥ ጥቁር ነገር ጭቃና ቅጠል ለብሶ ወጣ። በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ነጭ ቁጥር ታየ። 5። የእኔ አምስት ነው። የእኔ እጅ ጽሑፍ ከሐይቅ ውስጥ ወጣ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እነዚህ የሞቱ አይደሉም።»

«አይደለም፣ ልጄ፣ ገመዳቸው ተቆርጧል። እይው። ከአንገቱ ላይ። ሰዒድ እንደሚቆርጠው።»

አየሁት። እውነት ነው፣ ተቆርጧል። ሰዒድ በመቁረጫ ነበር የሚቆርጠው፤ ጫፉ ክብ ሆኖ ይቀር ነበር። ይህ በቢላ እየተገዘገዘ የተቆረጠ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ስቶ አንገቱን ጭሮታል።

«ተቆርጠው ነው ያመጣልዎት?»

«ተቆርጠው ነው። ገመድ ቢኖራቸው እነካቸው ነበር?» መረቡን ለቀቁት። ፊታቸው ሲቀየር አየሁ። «አንች ልጅ፣ ምን እያልሽኝ ነው?»

ነገርኳቸው። ስምንቱም ይሠሩ እንደነበር፣ ሐሙስ ምን እንደሚሆን፣ ክፍሉ ከሄደ የት እንደምሄድ። እኝያ ሽማግሌ እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኛ የጣልኳቸው» አሉ። «በገዛ እጄ የሰዒድን ቤት ውሃ ውስጥ ጣልኩት።»

«እርስዎ ምን አደረጉ! የቆረጠው ይማም ነው።»

«ወንድም እንዲህ አያደርግም። ተይ። ምናልባት ሰዒድ ራሱ ታሞ እያለ፣ አእምሮው ሲደክም…»

«ሰዒድ በቢላ አይቆርጥም!»

ጮህኩባቸው። እሳቸው ላይ አልነበረም የተናደድኩት፤ ግን የጮህኩት እሳቸው ላይ ነው። ተነስተው መረቡን በሙሉ ጎተቱት። አምስት አዳፕተሮች ወጡ፤ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8። ሁለት ወር ውሃ ውስጥ ሰንብተዋል፤ አንዱን ሳንቀሳቅሰው ከውስጡ ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ ወደ ጎጇቸው ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ።

«ሦስቱን መለዋወጫ ይሆኑኛል ብዬ አስቀምጬ ነበር። ውሃ አልነካቸውም። ገመድ ግን የላቸውም።» ላስቲኩን ፈትተው አሳዩኝ። «ገመድ ከሌለው ምን ይጠቅምሻል?»

እውነታቸውን ነው። 1፣ 4 እና 7 ደረቅ ናቸው፤ ግን ወደ ማሽኑ የሚገባው ጫፍ በገመዱ ላይ ነው ያለው። እንዲህ ያለ አሮጌ ጫፍ ሐይቅ ከተማ አይገኝም፣ ደሴም ቢሆን በሁለት ቀን አይገኝም። ሦስቱን ጡቦች በነጠላዬ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ሲከብዱኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ሰዒድ ላይም ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ጡብ ሰብስበህ፣ ወንድምህን ከጎኔ አስቀምጠህ የት ሄድክ አልኩት።

መደብሩ ጋ ስደርስ ይማም አልነበረም፤ ለዙሁር ሶላት ሄዷል። ሚስቱ ተቀምጣለች። ሰላም ልላት ጎንበስ ስል ጆንያዎቹን አየሁ። በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ የማሽላ ጆንያዎች ናቸው፤ አፋቸው የታሰረው በጥቁር ገመድ ነው። የአንዱ ገመድ ጫፍ ላይ ክብ ብረት አለ። ብረቱ ሥር፣ በነጭ የጥፍር ቀለም፣ 4።

ይህን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ ሞክሬ ስንት ጊዜ ሰረዝኩ። ብቻ ተራመድኩና ቋጠሮውን ፈታሁት። ጆንያው ተንጋደደ፣ ማሽላው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ወደሚቀጥለው ሄድኩ። 7። ፈታሁት። የይማም ሚስት «ያረቢ! አሚና፣ አበድሽ?» እያለች ጆንያውን ለመያዝ ትሮጣለች፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ይፈስሳል። ከውጭ መዲና «ፍቺው! ፍቺው እቴ!» እያለች ታጨበጭባለች። ስምንት ጆንያ ፈታሁ። ስምንት ገመድ። አንዱም አልጎደለም፤ ይማም ቆጣቢ ሰው ነው፣ የሚያስር ነገር አይጥልም።

ይማም ከመስጊድ ሲመለስ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ማሽላ ውስጥ ቆሜ ነበር።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ።

«አንተ ንገረኝ» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሰምቷል። ከሰዒድ ጋር በኖርኩበት አሥራ አንድ ዓመት ይማምን አንተ ብየው አላውቅም።

«አንተ? እኔን?»

«አንተን! የወንድምህን ሰደቃ ሰው እየበላ አንተ በቢላ ስትገዘግዝ ነበር። ለምን? ክፍሉን ከፈለግህ ክፍሉን ፈለግሁ አትልም?»

የመለሰልኝ ከሥራው የባሰ ነበር። «ለአንች ብዬ ነው። ባል የሌላት ሴት ጎረምሳ ሰብስባ ልታጫውት ነው? የቤተሰቡ ስም ምን ይሆናል? ማሽኑ ከሞተ ያለ ጭቅጭቅ ትተይዋለሽ ብዬ ነው። ወንድሜ ቢኖር እሱም ይህን ይል ነበር።»

«ወንድምህ ቢኖር ገመዱ አይቆረጥም ነበር» ብየው ገመዶቼን ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የሰዒድን የመሣሪያ ሳጥን ስፈትሽ ዋልኩ። ቴስተሩ አለ፣ ጥቁር ፕላስተሩ አለ። ሽቦ ማገናኘት ሰዒድ ሲያደርገው አይቻለሁ። ግን አልነካሁትም። አንድ ነገር ወስኜ ነበር።

ሐሙስ ሐጂ ሙሄ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ አንዱ ሼህ ዓሊ፣ የሰፈራችን መስጊድ ሰው ናቸው። ይማምም ተጠርቶ መጣ። የፈሰሰውን ማሽላ ከተማው ሁሉ ስለሰማ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጡቦቹን አንድ ጎን፣ ገመዶቹን አንድ ጎን ዘረጋሁና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ሼህ ዓሊ የይማምን ፊት አይተው «እውነት ነው?» አሉ።

«ለቤተሰቡ ስም ብዬ…»

«እውነት ነው ወይስ አይደለም?»

«እውነት ነው።»

«እሷም ዒዳዋን አፍርሳ ወጥታለች» አለ ይማም ቀጥሎ።

«ለእንጀራዋ በቀን ወጥታ በቀን ገብታለች» አሉ ሼህ ዓሊ። «በዚህ ላይ አንድ ቃል አትጨምር።»

ሐጂ ሙሄ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ በደል ተሠርቶብሻል። ግን እኔ ማሽኑ ሲሠራ ካየሁ ነው ያልኩት።»

«ያያሉ» አልኩ። «ገመዱን የሚቀጥለው ግን እሱ ነው።»

ይማም ሳቀ። ማንም ሌላ አልሳቀም። ሼህ ዓሊ መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉለት። «ተቀመጥ፣ ያ ይማም።»

ተቀመጠ። ያ ትልቅ ሰውዬ ወለል ላይ እግሩን አጥፎ፣ ቀጭን ሽቦ በወፍራም ጣቱ ይዞ። እኔ በላዩ ቆሜ አዘዝኩት። «ነጭ መስመር ያለበትን ከነጭ መስመሩ ጋር። ካቀያየርከው ማሽኑ ይቃጠላል።» የመጀመሪያውን አቀያየረው። በቴስተሩ አየሁና «ፍታው» አልኩት። ፈታው። ሁለተኛውን አላልቶ ጠመዘዘው። «ፍታው።» ላቡ ከጢሙ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሩ ላይ መዲና «ጆንያ ማሰር ይቀላል አይደል?» ብላ ሐጂ ገሠጿት፤ ግን እሳቸውም አፋቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

ሦስቱ ሲያልቁ መብራት ጠፍቶ ነበር። መቼ እንደጠፋ ማንም አላየም። ምን እናድርግ? ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ በአርዲቦ በኩል ስላለው የዘንድሮ ሰብል አወሩ። ይማም ተነስቶ ሊሄድ ሲል ሼህ ዓሊ በዓይናቸው መልሰው አስቀመጡት። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መንገድ ማዶ ካለው ሙዚቃ ቤት የአምባሰል ዜማ በድንገት ከመሐሉ ጀመረ፤ መብራት መጣ ማለት ነው። ጣውላው ላይ የሰቀልኳቸው ሦስቱ ጡቦች ማጉረምረም ጀመሩ። በመጀመሪያው ማሽን ላይ ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ከዚያ በሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ አልበራችም፤ ጫፉን በጣቴ ገፋ ሳደርገው በራች።

ሐጂ ሙሄ ተነሱ። «አየሁ» አሉ። «ክፍሉ የአሚና ነው።»

በሩ ላይ ያለው ሰው እልል አለ። እኔ አላልኩም። ሼህ ዓሊ ይማምን በክንዱ ይዘው አቆሙት። ይማምም «አፉ በይኝ» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። የእውነቱን እንደነበር አልጠራጠርም።

«በይ አሚና» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ተሠርቷል፣ አልፏል። አፉ በይው።»

«ስለ ገመዱ አፉ ብያለሁ» አልኩ። «ውሃ ስላበላሻቸው አምስቱም አፉ ብያለሁ። ስለ ክፍሉም አፉ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ሰዒድ በሕይወቱ የአንድም የሚሠራ ዕቃ ገመድ ቆርጦ አያውቅም። ጋሽ ታደሰ የተቆረጠውን ሲያዩ የሰዒድን ቃል ነበር የሚያዩት። አንተ በሞተው ወንድምህ ቃል ዋሸህ። እኝያ ሽማግሌ ደግሞ የኔን እንጀራ ውሃ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ ብለው ቁጭ ብለዋል። ወንድም እንዲህ አያደርግም ብለው እኔን እንኳ አላመኑኝም። ሂድና በገዛ አፍህ ‹የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም› በላቸው። የዚያን ቀን አፉ እልሃለሁ።»

«ለዓሣ አጥማጅ?» አለ ይማም።

ከሁሉም ያችን ቃል ነው የማልረሳት። ወንድሙን በቀበረበት ሳምንት ያደረገው አላሳፈረውም፤ ይህ ግን አሳፈረው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ ይህ ነው። ስለ እኔ ከጠየቃችሁኝ፣ ከዚያ ሐሙስ በፊት የነበረችውን አሚናን አላውቃትም። እሷ ሰው ዕቃዋን ሲያነሳላት የምታመሰግን ነበረች። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሲሉት የሚሄድ፣ ሲያነሱት የሚነሳ ዕቃ ትመስላቸዋለች። ሁሉም የሚያባብላትን ቃል ያውቃል፤ የት እንዳስቀመጡት ስትጠይቅ ግን ሁሉም አያውቅም። የራሳችሁን ዕቃ ራሳችሁ አንሱ። እያለቀሳችሁም ቢሆን ቁጠሩት። ንዴታችሁንም ኀጢአት ነው ሲሏችሁ ቶሎ አትጣሉት፤ እኔን ከቤት አውጥቶ ሐይቁ ዳር ያደረሰኝ ሶብር አልነበረም። ሶብር በኋላ መጣ፤ እሱም ገና አላለቀም።

ዒዳዬ ሲያበቃ በሩን በሙሉ ከፈትኩ። ከሦስት ማሽን ወደ አምስት ደርሻለሁ። ጎረምሶቹ «እትዬ አሚና» ይሉኛል፤ ሲሳደቡ ከሰማሁ ጡቡን እነቅላለሁ፣ ያውቃሉ። ለጋሽ ታደሰ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። «እሺ ልጄ» ይሉኛል። በማግስቱ ግን ከያዙት ቆሮሶ ዓሣ ትልቅ ትልቁን መርጠው፣ ታጥቦ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ይልኩልኛል። ካሣ ነው። አልቀበልም ብል ያለቅሳሉ። እሳቸው የሚያምኑት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቆረጠውን ሰው።

ይማም በየጠዋቱ መደብሩን ሲከፍት «አሰላሙ ዓለይኩም» ይለኛል። እመልስለታለሁ። ለዒድ አስታራቂ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፤ ለሽማግሌዎቹ ያኔ ያልኩትን ደግሜ ነገርኳቸው። ከእሱ መደብር እስከ ሐይቁ ዳር በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ይኸው ዓመት ከሦስት ወሩ፣ ገና አልደረሰም።